የመጨረሻውን ሰው ማን አጠበው

ሻወር ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጡለት ወታደሮች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው ስሙ ከመታወቂያ ደብተሩ ላይ ካልተነበበ በቀር የሚያስታውሰው ጠፋ። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣም «አንተ ሻወር»፣ ስታባብለውም «አንተ ሻወር» ነው የምትለው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከድምጿ ነው። ዛሬ ከከተማው መውጫ ባለ አንድ ጋራዥ መኪና ያጥባል። በወጣትነቱ ያጥብ የነበረው ግን ሰው ነው።

ጦርነቱ ላይ ጠላት መርዝ ያዘለ የመድፍ ጥይት መተኮስ ሲጀምር፣ ከግንባሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ድንኳን ተክሎ፣ መርዝ የነካውን ወታደር ልብሱን ገፎ፣ አጥቦ፣ አንጽቶ ወደ ሐኪም የሚያሳልፍ አንድ ክፍል ተቋቋመ። ሻወር የዚያ ክፍል አስር አለቃ ነበር። ከሱ ጋር አምስት አጣቢዎች፣ አንድ የውሃ ቦቴ ከነሾፌሩ፣ አንድ ፓምፕና በበርሜል የተሞላ በረኪና። ይኸው ነው። ጀግንነት ሲወራ ታንከኛው ይነሳል፣ መድፈኛው ይነሳል፤ ሳሙና ይዞ ስለቆመ ሰው ማንም ዘፍኖ አያውቅም።

ጋራዡ ውስጥ አሠራሩን አይተው ይስቁበታል። መኪናውን ከጣሪያው ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማ የነካ ጨርቅ መስታወት አይነካም፤ ባልዲውን የሚያስቀምጠው ሁልጊዜ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ነው። «ጋሼ ሻወር፣ ይሄ እኮ ታክሲ እንጂ ሙሽራ አይደለም» ይሉታል መካኒኮቹ። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ወደ ሳል ይለወጣል፤ ሳሉ ሲጀምረው የታክሲውን በር ተደግፎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። በዚህ ዓመት ግን አላልፍ እያለው ነው። ደረጃ መውጣት አቅቶታል፤ ከባልዲው ጋር ሀያ እርምጃ ሲራመድ ከንፈሩ ይጠቁራል። የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም የደረቱን የራጅ ፎቶ ወደ ብርሃን ይዞ ዓይቶ፣ «ይህ ሳንባ የተቃጠለ ነው፤ ይህን የሚያክመው የጦር ሆስፒታሉ የሳንባ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አይድከሙ» አለው።

የጦር ሆስፒታሉ የሳንባ ክፍል ደግሞ በር አለው፤ በሩ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ የሕክምና ቦርድ የሚባለው ዘንድ ነው። ቦርዱ «በግዳጅ ላይ የተጎዳ» ብሎ ካልጻፈ ማንም አያስገባም። ሻወር የሚፈልገው እነዚህን ሦስት ቃላት ነበር። ሳንባው የሚጠብቀው እነሱን ነው።

ሁለት ጊዜ ቀረበ። በመሃሉ እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ፤ ፋይሉ ጠፋ ተባለ፤ ተገኘ ተባለ፤ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሁለቱንም ጊዜ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ኮሎኔልም ሐኪምም የሆኑት ሰው፣ አንዲት ቢጫ ካርድ አንስተው አሳዩት። ደረቱን አላዳመጡም። ሸሚዙን ግለጥ አላሉትም። አንድ ሐኪም ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ የሚያጣጥር ሰው ተቀምጦ እያየ ካርድ ያነባል። እስቲ ይታያችሁ።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያው ራስህ በእጅህ ነጽቷል ብለህ ፈርመሃል። ሲገባ በሚለው ቦታ ላይም ምንም አልተጻፈም። መርዝ አልነካህም ማለት ነው። መኪና እጥበት ቤት ያለው ኬሚካል ይሆናል ያሳመመህ።»

ሻወር ሁለቱንም ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። መናገር አቅቶት አልነበረም። መናገር ፈርቶ ነበር። የፈራው ደግሞ ለራሱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ድንኳን መሃል አንድ ነጭ ገመድ ይዘረጋል። ከገመዱ ወዲህ ቆሻሻው ወገን፣ ከገመዱ ወዲያ ንጹሑ ወገን ይባላል። የመርዙ ተንኮል ሲነካ አለማቃጠሉ ነው። ዘይት ይመስላል፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ የነካው ሰው «ደህና ነኝ፣ ልለፍ» እያለ ይጨቃጨቃል፤ ቆዳው የሚያብጠውና የሚቆስለው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ጄኔራልም ይሁን ምልምል ሳይታጠብ ገመዱን አያልፍም። መሣሪያውን ያስቀምጣል፣ ጫማው በረኪና ውስጥ ይነከራል፣ ልብሱ ከጀርባ በኩል በረጅም መቀስ ይቀደዳል። በጭንቅላት ማውለቅ የለም፤ ፊቱን ይነካዋላ። ቆዳ ላይ የታየ ጠብታ መርዝ በሚመጥ ዱቄት ይነሳል እንጂ አይታሽም። ከዚያ ውሃና ሳሙና። ማዶ ንጹሑ ወገን ላይ የቦቴው ሾፌር ቀለም የሚለውጥ ወረቀት ይዞ ቆሞ የወጣውን ሁሉ ይፈትሻል። ገመዱን የተሻገረ ሰው ደግሞ ለምንም ነገር ተመልሶ አይገባም።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቢጫ ካርድ አለ። «ሲገባ» በሚለው ስር ሻወር «የተበከለ» ብሎ ይጽፋል። «ሲወጣ» በሚለው ስር ያጠበው ይፈርማል፣ ቀጥሎ ሾፌሩ በምስክርነት ይፈርማል። በመጨረሻ አጣቢዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጣጠቡ አንድ በአንድ ይሻገራሉ። መመሪያውን ያረቀቁት ሰዎች፣ መቼም ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የጻፉት፣ አንድ ነገር ረሱ። የመጨረሻውን ሰው የሚያጥበው ማነው? ከሱ በፊት ያለው ተሻግሯል፤ የተሻገረ አይመለስም። በየድንኳኑ የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ አለቃው ነበር፤ አለቃውም ራሱን እንዳሻው ይታጠብና የአጣቢው ቦታ ላይ ለራሱ ይፈርማል። «የመጨረሻውን ሰው እግዜር ይጠበው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቢያንስ ሾፌሩ ማዶ ቆሞ በወረቀቱ ይፈትሸዋል።

ያን ቀን ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሰው መጣ። የተዘጋጀው ውሃ ለሰማንያ ሰው ነበር። ሾፌሩ ቦቴውን ሦስት ጊዜ አመላልሶ እጁ እስኪላጥ መሪ ያዘ፤ በየመሃሉም እየወረደ ይፈትሻል፣ ይፈርማል። ሙቀቱ ጉድ ነበር፤ አጣቢዎቹ በሚለብሱት የጎማ ልብስ ውስጥ የሻወር ላብ ቦት ጫማው ድረስ ወርዶ ሲራመድ ይንቦጫቦጫል። አንድ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ደንግጦ ሲይዘው የልጁ ቀበቶ የሻወርን ልብስ ብብቱ ስር ቀደደው። ሻወር ቀዳዳውን በፕላስተር ለጠፈና ቀጠለ። ምን ያድርግ? ሰልፉ ገና መቶ ሰው ነበር።

የመጨረሻው አጣቢ ሲሻገር ውሃው አለቀ። ሾፌሩ «አንድ ዙር ብቻ፣ ላንተ ብቻ» ብሎ ቦቴውን አስነስቶ ሄደ። ሻወር ባዶ ድንኳን ውስጥ ብቻውን ቆሞ መጠበቅ ጀመረ። በዚህ መሃል አንድ መቶ አለቃ በፒካፕ ደረሰ፤ ጠላት እየቀረበ ነው፣ ቦታው አሁኑኑ ይለቀቅ የሚል ትእዛዝ ይዟል። የመጨረሻው ካርድ ሳይፈረም ግን ጣቢያው ተዘጋ አይባልም። መቶ አለቃው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ካርዱን በእንጨት ጫፍ አድርጎ ከገመዱ ማዶ አቀበለው። «ፈርምና እንሂድ።» ሻወር የጎማ ልብሱን አወለቀ፤ ዱቄት ነሰነሰ፤ የኮዳውን ውሃ በብብቱ ላይ አፈሰሰ። የአጣቢው ቦታ ላይ ፈረመ። የምስክሩ ቦታ ላይ ፈረመ። «ሲገባ» የሚለውን ባዶ ተወው፤ የጣቢያው ሰው እዚያው ስለሆነ ገባ አይባልም። ማታውኑ ብብቱና ጀርባው ማበጥ ጀመረ፤ ነጽቷል ብሎ ስለፈረመ ግን ለጦሩ ሐኪም አላሳየም። በሳምንቱ ሳሉ መጣ።

ሾፌሩ ሙሉ ቦቴ ይዞ ተመልሶ ያገኘው ባዶ ሜዳ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው ከሞተ፤ እሱም በሳንባው። በሕይወት ቢኖር ቦርዱ ፊት ቆሞ አንድ ቃል በተናገረለት ነበር።

ሻወር ይህን ታሪክ ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም በእጇ ያልፋል፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። ለሦስተኛው ቦርድ በተቀጠረበት ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጀርባውን ቅባት ስትቀባው ነገራት። እጇ ቆመ።

«አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ስትተኛ፣ ይህን ዋጥ አድርገህ?»

«ምን ልበልሽ?»

«አልታጠብኩም በላ! ለነሱስ ለምን አትነግራቸውም?»

ያኔ ነው የፈራውን ነገር ያወጣው። ከሁለት መቶ አስራ ሁለቱ ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ በዚያ ሆስፒታል ይታከማሉ። ያስገባቸው ካርዳቸው ነው፤ ካርዳቸው ላይ «የተበከለ» ብሎ የጻፈው የሻወር እጅ ነው። ሰብሳቢው ራሳቸው «ፊርማህን እኮ በደንብ እናውቀዋለን» ብለውታል። «እኔ ውሸት ፈርሜአለሁ ብዬ አፌን ከከፈትኩ የኔ ፊርማ በሙሉ ውሸት ነው ሊሉ ነው። እነዚያን ልጆች በእጄ አጥቤ በእጄ ላስወጣቸው?»

ሚስቱ ቅባቱን ክዳኑን ዘጋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቆሽቷ አርሯል፤ ግን ጨርቅ ሳትለካ የማትቆርጥ ሴት ናት።

«የልጆቹን ካርድ የፈረምከው ብቻህን ነህ?»

«ኧረ ሾፌሩም ፈርሟል። በምስክርነት።»

«ያንተንስ ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«ምስክሩስ?»

«እኔ።»

«አይ ሻወር» አለች። «ቤት ስንከራይ እንኳ ምስክር አምጡ ይሉናል። ተከራዩ ምስክሩም እኔው ልሁን ቢል አከራዩ ይስቅበታል። የልጆቹ ላይ ሁለት እጅ አለ፤ ማንም አይነካቸውም። የወደቀው ያንተ ካርድ ብቻ ነው።»

መመሪያውን ለስንት ምልምል በቃል ያስጠናው ሻወር ራሱ ነው፤ አንድም ቀን ወደ ራሱ አዙሮ አንብቦት አያውቅም።

የቦርዱ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ባለማዕረጎች፣ አንዲት ጸሐፊና አንድ የሚንጫጫ የአየር ማቀዝቀዣ ነበረው። ሰብሳቢው ኮሎኔል ያችኑ ካርድ አንስተው ያንኑ ጥያቄ ሊጠይቁ ሲሉ ሻወር ቀደማቸው።

«ጌታዬ፣ ካርዱ ሐሰት ነው። አልታጠብኩም። ውሃ አልቆ ነበር። የአጣቢውም የምስክሩም ፊርማ የኔ ነው።»

ጸሐፊዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

«ይህ በወንጀል እንደሚያስጠይቅህ ታውቃለህ አስር አለቃ?»

«አውቃለሁ። ጠይቁኝ።»

«እንግዲያው እነዚያን ሁለት መቶ ምናምን ካርዶችም እንደገና ማየት ሊኖርብን ነው» አሉ ኮሎኔሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ አንድ የሚያረካቸው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ይኸኔ ሚስቱ ከጀርባ ወንበር ተነሳች። «ይዩዋቸው ጌታዬ፣ ደስ ይለናል። በያንዳንዱ ላይ የሁለት ሰው እጅ ነው ያለው። የአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለበት ይሄ እርስዎ ሦስት ጊዜ ያነሱት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት የተማረ ሰው ተቀምጦ ሁለቱ ፊርማ አንድ መሆኑን ሳያይ የቀረው እንዴት ነው?»

«እመቤት፣ ተቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። ሻወር ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «መመሪያው እንዲህ ይላል። 'የምስክር ፊርማ የሌለው ካርድ እንዳልተሞላ ይቆጠራል፤ ባለካርዱም እንዳልነጻ ሰው ይያዛል።' ባለቤቱ ለራሱ ምስክር አይሆንም። እንግዲህ እኔ እስከ ዛሬ አልነጻሁም ማለት ነው።»

ከባለማዕረጎቹ አንዱ መመሪያውን ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠ፤ ገጹን አገኘ፤ ወደ ኮሎኔሉ ገፋላቸው። ኮሎኔሉ አነበቡ። ሰው ሲሳሳት ይቅርታ የሚል ፍጡር ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሳቁ።

«አስራ ስምንት ዓመት መርዝ ይዘህ ከተማውን ስትዞር ነበር በለኛ። እንግዲያስ ሂድና ይጠቡህ!» አሉና አንድ ቅጽ ስበው በትልልቅ ፊደል «ያልነጻ፤ ሆስፒታል ሄዶ ይታጠብ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ማኅተሙንም ራሳቸው አሳረፉበትና ወረወሩለት። የቀሩት ሁለቱ ሳቁ። ጸሐፊዋ አልሳቀችም፤ ወረቀቱን ከወለሉ ላይ አንስታ ቁጥር ሰጠችው፣ መዝገብ ላይ አሰፈረችው፣ በሁለት እጇ ለሻወር አቀበለችው። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ» አለችው በሹክሹክታ።

በጦር ሆስፒታሉ የጎን በር በኩል፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ የሚታጠብበት ባለ ሴራሚክ ክፍል አለ። አንድም ሰው ታጥቦበት አያውቅም፤ መወልወያና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥበታል። ተረኛዋ ነርስ ሃምሳ አለቃ ናት፤ ወጣት ናት፤ ነጭ ጋዋኗ የተተኮሰ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሻወርን ዓየችው፤ ሚስቱን ዓየቻት፤ ማኅተሙን ዓየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀልድ ነው ብሎ ይመልሳቸው ነበር። እሷ ግን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ደንብ ዞር ብላ «ያልነጻ ሰው ተመላሽ አይደረግም» የሚለውን በጣቷ ነካችና መወልወያዎቹን ታወጣ ጀመር።

ጓንት አጠለቀች። ከመሳቢያ አዲስ ቢጫ ካርድ አወጣች። የቧንቧውን እጀታ ልታዞር ስትል ሻወር ከለከላት።

«ልጄ፣ መጀመሪያ የሚሞላው 'ሲገባ' የሚለው ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

«እሱን አልነግርሽም። ዓይተሽ ጻፊ። ሁለተኛ ለራሴ አልመሰክርም።»

ሸሚዙን አወለቀ። ነርሷ ከብብቱ እስከ ወገቡ የወረደውን፣ የተጨማደደና ቀለሙ የጠፋ ቆዳ ዓየች። ማዳመጫውን ጀርባው ላይ አሳርፋ ተንፍሱ አለችው፤ እንደገና ተንፍሱ አለችው፤ ቦታ ቀየረች፤ ብዙ ጊዜ ወሰደች። በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ፣ ከነዚያ ሁሉ ባለማዕረጎች መሃል፣ ጀርባውን የነካች የመጀመሪያዋ የጦሩ ሰው እሷ ነበረች። ከዚያ ብዕሯን አነሳችና ጻፈች። ሻወር ካርዱን ተቀብሎ ሊያነብ ሞከረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ፊደሉ አልታይ አለው። ለሚስቱ ሰጣት።

«የተበከለ» ብላ አነበበች። «ቆዳና ሳንባ።»

ነርሷ ለምስክር ፊርማ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ጠርታ አስፈረመች። ቀጥላ እጇን ወደ ቧንቧው ሰደደች።

«ውሃውን ተዪው ልጄ» አላት ሻወር ሸሚዙን እየለበሰ። «ያ መርዝ በውሃ የሚለቀው በደቂቃዎች ውስጥ ነበር። አሁን ውስጤ ነው ያለው። ይችን ካርድ ከቦርዱ ወረቀት ጋር ይዘሽ ወደ ሳንባ ክፍል ውሰጂኝ።»

ወሰደችው። በኮሪደሩ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። የሳንባው ክፍል ሐኪም ወጣት ነበር፤ ካርዱን አንብቦ አልጋ እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ አዲስ ፎቶ አስነስቶ ወደ ብርሃኑ ይዞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ቶሎ ቢታይ ኖሮ ብዙውን ማዳን ይቻል ነበር። አሁን የቀረውን ነው የምንጠብቀው። ምነው እስከ ዛሬ ቆዩ?»

ሻወር የኦክስጅን መተንፈሻው ፊቱ ላይ ስለነበር አልመለሰለትም። ሚስቱ ወንበር ሳበች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ጊዜ አለህ ልጄ?» አለችው።